ማሽን ዋስ አይሆንም፦ የምርምር ጽሑፍ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎትና የደጋው አርሶ አደር

ጎንደር፦ በሰሜን ጎንደር ዞን ዳባት ወረዳ የሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦች ደጃቸው መጥቶ የሚጠይቃቸውን መረጃ ሰብሳቢ ያውቁታል። በቤቱ ማን እንደ ተወለደ፣ ማን እንዳረፈ፣ ማን ወደ ሌላ አካባቢ እንደ ሄደና ማን አዲስ እንደ ገባ ይመዘግባል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዳባት የሚያካሂደው ይህ የጤናና የሥነ ሕዝብ ክትትል የተጀመረው በ1989 ዓ.ም ነው። ከዚያ ወዲህ አርሶ አደሩ በአማርኛ የሰጠው መልስ ወደ ቁጥር ተለውጧል፤ ቁጥሩም በእንግሊዝኛ የምርምር ጽሑፍ ሆኖ በሀገር ውስጥና በውጭ ጆርናሎች ታትሟል።

መልሱን የሰጠው ሰው ጽሑፉን አያነበውም። የተጻፈው እርሱ ከተናገረው ጋር መግጠሙን የሚያረጋግጥለት ስሙን ከርእሱ ሥር ያሰፈረው ተመራማሪ ነው። አሁን ግን በሁለቱ መካከል ሌላ እጅ ገብቷል። እ.ኤ.አ በኖቬምበር 2022 መጨረሻ ቻት ጂፒቲ ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ አንድ ሰው በጥቂት ቃላት ጥያቄ ጽፎ በደቂቃ ውስጥ ከመግቢያ እስከ ማጠቃለያ የተሰናዳ ጽሑፍ መቀበል ይችላል። ጽሑፉ በጥሩ እንግሊዝኛ የተጻፈ፣ የተረጋጋና አዋቂ የሚመስል ነው። እውነት መሆኑ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

በዓለም ዙሪያ ያሉ የምርምር ጆርናሎች ይህን መሣሪያ ማን፣ ለምንና እስከ ምን ድረስ ሊጠቀምበት እንደሚችል ደንብ ማውጣት ከጀመሩ ዓመታት ተቆጥረዋል። ደንቡ ላይ ላዩን ሲታይ የዩኒቨርሲቲ መምህራን የውስጥ ጉዳይ ይመስላል። ነገር ግን ብዙው የምርምር ጽሑፍ ከአርሶ አደሩ ቤትና ማሳ ተነሥቶ፣ ምክር ሆኖ ወደዚያው ቤትና ማሳ ይመለሳል። በመሆኑም ደንቡ የደጋውን አርሶ አደርም የከተማውን ነዋሪም ይመለከታል።

ጽሑፉ ከማሳ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ከደጋ ወረዳዎች ብዙ ወጣቶች በየዓመቱ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ቆላ ይወርዳሉ። አንዳንዶቹ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈውን ካላዛር ይዘው ይመለሳሉ፤ በሽታው ካልታከመ ይገድላል። ሕክምናው ቀደም ሲል በአንድ መድኃኒት ለ30 ቀናት የሚሰጥ መርፌ ነበር። በኢትዮጵያ፣ በሱዳን፣ በኬንያና በኡጋንዳ በሚገኙ ታካሚዎች ላይ የተካሄደ ጥናት ሁለት መድኃኒቶችን አጣምሮ ለ17 ቀናት መስጠት ተመጣጣኝ ውጤት እንዳለው አሳይቷል። ጎንደር ከጥናቱ ጣቢያዎች አንዷ ነበረች፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ በ2012 በጆርናል ታትሟል። የዓለም ጤና ድርጅትም ይህንኑ ጥምር ሕክምና ለምሥራቅ አፍሪካ ቀዳሚ አድርጎ መክሯል።

ከሆስፒታል አልጋ 13 ቀን ቀድሞ መነሣት ለቀን ሠራተኛ ቀላል ነገር አይደለም። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ የሰፈረው ቁጥር ሁሉ መርፌውን ከተወጋና ደሙን ከሰጠ ሰው የተገኘ ነው። ቁጥሩ ማሽን ገምቶ የሞላው ቢሆን ኖሮ ዋጋውን የሚከፍለው ታካሚው በሆነ ነበር።

በግብርናውም እንዲሁ ነው። በ2002/03 የምርት ዘመን ቢጫ ዋግ በሀገሪቱ የስንዴ ማሳዎች ላይ በተነሣ ጊዜ፣ በስፋት ይዘራ የነበረው ኩብሳ የተሰኘው ዝርያ ክፉኛ ተጎድቷል። ኩብሳ ቀደም ሲል በምርታማነቱ የተመሰገነ ነበር። የዋጉ ዓይነት ሲለወጥ ግን ትናንት የተመሰገነው ዝርያ ዛሬ አርሶ አደሩን ባዶ እጁን ያስቀራል። የዝርያ ምክር በየጊዜው ማሳ ላይ ታይቶ መታደስ የሚኖርበት ለዚህ ነው። የቆዩ ጽሑፎችን ሰብስቦ የተማረ ማሽን የትናንቱን ምስጋና ዛሬም ሊደግመው ይችላል፤ ማሳው ላይ የወጣውን ቢጫ ዱቄት አላየምና።

ማሽኑ ምን ያውቃል?

ጽሑፍ አዘጋጁ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራው እጅግ ብዙ ጽሑፍ አንብቦ ከአንድ ቃል ቀጥሎ የትኛው ቃል ሊመጣ እንደሚችል በመገመት ነው። ግምቱ በአብዛኛው የተሳካ ስለሆነ ዓረፍተ ነገሩ ያምራል። ይሁን እንጂ መልሱን የማያውቀው ጥያቄ ሲቀርብለትም ያው ያማረ ዓረፍተ ነገር ይወጣል።

ጉዳቱ ጎልቶ የሚታየው በዋቢዎች ላይ ነው። ዋቢ ማለት ተመራማሪው «ይህን ያልሁት እገሌ በዚህ ዓመት ባሳተመው ጥናት ተመሥርቼ ነው» ብሎ የሚጠራው ምስክር ነው። እ.ኤ.አ በ2023 ሳይንቲፊክ ሪፖርትስ በተሰኘው ጆርናል የታተመ ጥናት፣ ቻት ጂፒቲ ከሰጣቸው ዋቢዎች መካከል በ3.5 ስሪቱ 55 በመቶው፣ በ4ኛው ስሪት ደግሞ 18 በመቶው ፈጽሞ የሌሉ ሆነው እንዳገኛቸው ገልጿል። የጸሐፊ ስም፣ ዓመተ ምሕረትና የገጽ ቁጥር አላቸው፤ ጥናቱ ግን የለም። ከዚያ ወዲህ የወጡት ስሪቶች ተሻሽለዋል፤ ችግሩ ግን አልጠፋም።

ይህን ለመረዳት የዩኒቨርሲቲ ደጃፍ መርገጥ አያስፈልግም። በድንበር ክርክር የሌለ ምስክር ስም ጠርቶ ሽማግሌ ፊት የቀረበ ሰው ምን እንደሚባል ገጠሬው ጠንቅቆ ያውቃል። ምስክሩ ተጠርቶ ሲታጣ የሚረታው በዚያ አንድ ነጥብ ብቻ አይደለም፤ እውነት የተናገረበት ነገር ሁሉ አብሮ ይጠረጠራል። በምርምርም የአንድ ጽሑፍ ሐሰተኛ ዋቢ በሐቅ በተሠሩት ጽሑፎች ላይ ጥላውን ያጠላል።

ጆርናሎች ራሳቸውም ተሸውደዋል። እ.ኤ.አ በፌብሩዋሪ 2024 ፍሮንቲየርስ ከሚያሳትማቸው ጆርናሎች በአንዱ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሳለ፣ የሰውነት ክፍሉ የተዛባና ትርጉም የለሽ ቃላት የተጻፉበት የአይጥ ሥዕል ወጥቶ ነበር። ገምጋሚዎች አይተውት፣ አርታኢም አሳልፎት ነው የታተመው፤ አንባቢዎች መሳለቂያ ካደረጉት በኋላ ጽሑፉ ተሰርዟል። በዚያው ዓመት ኤልሴቪየር ባሳተመው አንድ ጽሑፍ ውስጥ ማሽኑ ለጠያቂው የሰጠው የትሕትና መልስ ሳይነሣ በመግቢያው ላይ ታትሞ ተገኝቷል። ሂንዳዊ የተባለው አሳታሚ ደግሞ እ.ኤ.አ በ2023 ብቻ ከ8 ሺህ በላይ ጽሑፎችን ሰርዟል። ከእነዚህ ብዙዎቹ የሐሰት ጽሑፍ እያመረቱ ከሚሸጡ ድርጅቶች ጋር የተያያዙ ነበሩ። ሐሰተኛ ጽሑፍ ከቻት ጂፒቲ በፊትም ነበር፤ ማሽኑ ያመጣው ለውጥ ሥራውን ርካሽና ፈጣን ማድረጉ ነው።

ደንቦቹ ምን ይላሉ?

የመጀመሪያዎቹ ደንቦች የወጡት በጥድፊያ ነበር። ሳይንስ የተሰኘው የአሜሪካ ጆርናል እ.ኤ.አ በጃንዋሪ 2023 በማሽን የተጻፈ ማንኛውንም ጽሑፍ ከለከለ። ዓመቱ ሳያልቅ በኖቬምበር ክልከላውን አላልቶ፣ አጠቃቀሙ በግልጽ እስከ ተነገረ ድረስ እንደሚፈቅድ አስታወቀ። ኔቸር በበኩሉ ከመጀመሪያው ማሽን የጽሑፍ ባለቤት ሆኖ ሊመዘገብ እንደማይችልና አጠቃቀሙ በጽሑፉ ውስጥ መገለጽ እንዳለበት ደነገገ። የሕትመት ሥነ ምግባር ኮሚቴ በፌብሩዋሪ 2023፣ የሕክምና ጆርናሎች አርታኢዎች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ደግሞ በሜይ 2023 ተመሳሳይ አቋም ይዘዋል።

ደንቦቹ በአነጋገር ቢለያዩም በሦስት ነገሮች ላይ ይስማማሉ። አንደኛ፣ ማሽን ደራሲ አይሆንም፤ ለጻፈው ነገር ሊጠየቅ አይችልምና። ሁለተኛ፣ ተመራማሪው ማሽኑን ከተጠቀመ ለምን እንደ ተጠቀመ መናገር አለበት። የሕክምና አርታኢዎቹ ኮሚቴ ይህን እ.ኤ.አ በ2024 አብራርቶ፣ ለአጻጻፍ እርዳታ ከሆነ በምስጋናው ክፍል፣ መረጃ ለመሰብሰብ፣ ለመተንተን ወይም ሥዕል ለማዘጋጀት ከሆነ ደግሞ በጥናቱ ዘዴ ክፍል እንዲጻፍ አዝዟል። ሦስተኛ፣ ስሕተት ቢገኝ ተጠያቂው ስሙን ያሰፈረው ሰው ነው፤ «ማሽኑ ነው የጻፈው» የሚል መልስ ተቀባይነት የለውም።

ለገምጋሚዎችም ደንብ አለ። ለግምገማ የተላከ ያልታተመ ጽሑፍ በምሥጢር የተሰጠ አደራ ስለሆነ፣ ምሥጢራዊነቱ በማይረጋገጥበት ማሽን ውስጥ መጫን አይፈቀድም።

በሀገርኛ አነጋገር የደንቡ ሐሳብ የዋስ ሐሳብ ነው። በገጠር ብድር የሚወስድ ሰው ዋስ ይጠራል፤ ዋሱ ቤቱ የታወቀ፣ ቢፈለግ የሚገኝና ጥፋት ቢደርስ የሚከፍል ሰው ነው። በጽሑፍ ላይ የሚሰፍር የተመራማሪ ስምም እንዲሁ ነው። ማሽን ቤት የለውም፣ አይጠራም፣ አይከፍልም፤ ስለዚህ ዋስ አይሆንም።

የእንግሊዝኛ ሸክም

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው ማሽኑ ጨርሶ ይከልከል» ማለት ቀላል ነው። ለኢትዮጵያ ተመራማሪ ግን ፍትሐዊ አይሆንም።

በጎንደር ዩኒቨርሲቲም ሆነ በጎንደር ግብርና ምርምር ማዕከል የሚሠራ ባለሙያ ከአርሶ አደሩ ጋር የሚነጋገረው በአማርኛ ነው፤ የሚያሳትመው ግን በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛ ለእርሱ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋ ነው። ማሳ ላይ ያየውን በሚገባ የሚያውቅ ባለሙያ በሰዋስው ጉድለት ጽሑፉ ሊመለስበት ይችላል። ቋንቋው የአፍ መፍቻው የሆነ ሰው ይህ ችግር የለበትም፤ ገንዘብ ያለውም አርታኢ ይቀጥራል። ማሽኑ ለደጋው ተመራማሪ ያመጣው ትልቁ ጥቅም ይህን ልዩነት ማጥበቡ ነው። በርካታ ትልልቅ አሳታሚዎችም ሰዋስውንና ፊደልን ለማስተካከል ብቻ የተደረገ እርዳታ እንዲገለጽ አያስገድዱም።

አስቸጋሪው ነገር ቁጥጥሩ ነው። አንዳንድ ተቋማት ጽሑፍን በማሽን የተጻፈ መሆን አለመሆኑን እንለያለን በሚሉ ሶፍትዌሮች ይመረምራሉ። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ በ2023 ባሳተሙት ጥናት ሰባት መለያዎችን ፈትሸዋል። እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ለቋንቋ ፈተና የጻፏቸውን ድርሰቶች መለያዎቹ በአማካይ ከ60 በመቶ በላይ «የማሽን ሥራ ነው» ብለዋል። ድርሰቶቹ ግን በሰው እጅ የተጻፉ ነበሩ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ቋንቋውን በትምህርት ቤት የተማረ ሰው የተለመዱ ቃላትንና አጫጭር አገባቦችን ይመርጣል፤ መለያው ደግሞ ይህንኑ የማሽን ምልክት አድርጎ ይወስደዋል። የቻት ጂፒቲ ባለቤት ኦፕን ኤአይ ራሱ የሠራውን መለያ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ በመሆኑ በጁላይ 2023 አንሥቶታል።

ይህ ማለት በመለያ ሶፍትዌር ላይ ብቻ የቆመ ደንብ ንጹሑን ወንጀለኛ ሊያደርግ ይችላል ማለት ነው። ሙሉ ክልከላም ሌላ ጠንቅ አለው፤ መጠቀም እንደ ነውር ሲታይ ተመራማሪው ይጠቀማል፣ ግን ይደብቃል። የተደበቀን ነገር አርታኢም ገምጋሚም ሊመረምረው አይችልም።

ስለዚህ መስመሩ የሚሰመረው በቋንቋና በማስረጃ መካከል ነው። ያየሁትን በተሻለ እንግሊዝኛ እንድናገር እርዳኝ ማለትና ያላየሁትን አየሁ ብለህ ጻፍልኝ ማለት ፈጽሞ አይገናኙም። የመጀመሪያው ተርጓሚን እንደ መጥራት ነው፤ ሁለተኛው በሐሰት መመስከር ነው።

ይህ መስመር በአሁኑ ጊዜ በክልሉ የበለጠ ያስፈልጋል። በጸጥታ ችግር ምክንያት መንገድ ሲዘጋና መረጃ ሰብሳቢ ወደ ቀበሌ መውረድ ሲሳነው፣ የቀረውን መጠይቅ ቢሮ ተቀምጦ መሙላት ፈታኝ ይሆናል፤ ማሽኑ ደግሞ ይህን በደቂቃ ያደርገዋል። ያልተደረሰበት ቀበሌ ግን ያልተደረሰበት ተብሎ መጻፍ አለበት። በጽሑፉ ላይ የሚታይ ክፍተት ለአካባቢው ድጋፍ እንደሚያስፈልግ ይናገራል፤ በሐሰት የተሞላ ሠንጠረዥ ግን ችግሩን ይሸፍነዋል።

የቤተሰብ ምሥጢር

ዓለም አቀፍ ደንቦቹ በብዛት የሚናገሩት ስለ ደራሲውና ስለ ገምጋሚው ነው። መረጃ ሰጪው ቤተሰብ ሦስተኛው ባለ ጉዳይ ነው።

ለጤና ጥናት በሩን የከፈተ ሰው ስለ ሕመሙ፣ ስለ ሞተ ልጁ፣ ስለ ቤተሰቡ ገቢ ይናገራል። የሚናገረው ምሥጢሩ እንደሚጠበቅለት ቃል ተገብቶለት ነው። ተመራማሪው ይህን መረጃ እንዲተነትንለት በነጻ በሚገኝ የማሽን ገጽ ላይ ከለጠፈው፣ የዳባት ወይም የጃናሞራ ቤተሰብ ምሥጢር በባዕድ ሀገር ወደሚገኝ የኩባንያ ኮምፒውተር ተላልፏል ማለት ነው። አንዳንዶቹ አገልግሎቶች የተጻፈላቸውን ለቀጣይ ሥልጠና ይጠቀሙበታል። ስም ቢወጣ እንኳ ቀበሌው፣ ዕድሜውና የሕመሙ ዓይነት ተደምረው በትንሽ መንደር ውስጥ ሰውየውን ሊያሳውቁ ይችላሉ።

ኢትዮጵያ ለዚህ ሕግ አላት። በ2016 ዓ.ም የጸደቀው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ጥብቅ ጥበቃ ከሚሹት ወገን መድቦታል፤ የግል መረጃ ከሀገር ውጭ ስለሚተላለፍበት ሁኔታም ደንግጓል። በዚያው ዓመት ሰኔ ወር የሚኒስትሮች ምክር ቤት ብሔራዊ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፖሊሲን አጽድቋል። ሕጉና ፖሊሲው መሠረት ናቸው፤ ተመራማሪው ኮምፒውተሩ ፊት ሲቀመጥ ምን ማድረግና ምን አለማድረግ እንዳለበት የሚነግረው ግን የዩኒቨርሲቲውና የጆርናሉ ዝርዝር ደንብ ነው።

ለሀገር ውስጥ ጆርናሎች የሚበጀው

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የጤናና የባዮሜዲካል ሳይንስ ጆርናል ያሳትማል። የአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩትም በጥቁር ዓባይ ስም የተሰየመ የግብርና ምርምር ጆርናል አለው። እንዲህ ያሉት ጆርናሎች ከውጭዎቹ ይልቅ ለአካባቢው ቅርብ ናቸው። የውጭውን ደንብ እንደ መነሻ ወስደው በአካባቢው እውነታ ላይ የተመሠረቱ አራት ነገሮችን ቢያክሉበት ይበጃል።

የመጀመሪያው የመስክ ማስረጃ ነው። ተመራማሪው ጽሑፉን ሲያስገባ የመስክ መዝገቡንና የተሞሉ መጠይቆችን እንደሚያስቀምጥ፣ በተጠየቀ ጊዜም እንደሚያቀርብ ቢፈርም፣ ከማንኛውም መለያ ሶፍትዌር የተሻለ መፈተኛ ይሆናል። ጭቃ የነካው መዝገብ በማሽን አይጻፍም።

ሁለተኛው የዋቢዎች ፍተሻ ነው። የሌለ ዋቢን ማጋለጥ ከባድ ቴክኖሎጂ አይጠይቅም፤ አርታኢው ከዝርዝሩ ጥቂቶቹን መርጦ መኖራቸውን ቢፈትሽ ብዙውን ጊዜ ይበቃል።

ሦስተኛው የመግለጫ ቅጹ ነው። «ማሽን ተጠቅመሃል ወይ?» የሚለው ብቻውን ሰውን ወደ መካድ ይገፋል። ለሰዋስው፣ ለትርጉም፣ ለትንተና ወይስ ለሥዕል ብሎ ለይቶ የሚጠይቅና የተፈቀደውን በግልጽ የሚያሳይ ቅጽ ግን እውነቱን ያወጣል።

አራተኛው ውጤቱን መመለስ ነው። ከዳባት ቤቶች የተሰበሰበ መረጃ ላይ የተመሠረተ ጽሑፍ አንድ ገጽ የአማርኛ ማጠቃለያ ቢኖረው፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋና የግብርና ባለሙያው አንብበው ለነዋሪው ሊነግሩት ይችላሉ። በዚህ ሥራ ማሽኑ ሊያግዝ ይችላል፤ ነገር ግን በአማርኛ ያነበበው ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ካነበበው እጅግ ያነሰ በመሆኑ የመድኃኒት መጠንንና የማዳበሪያ ልክን ሰው ሳያየው ወደ ቀበሌ መላክ አደጋ አለው። ማጠቃለያው ሌላ ጥቅምም አለው፤ መልሱን የሰጠው ሰው «እኔ እንዲህ አላልሁም» ለማለት የመጀመሪያውን ዕድል ያገኛል።

እነዚህ ሁሉ ቢደረጉም አንድ ሥር የሰደደ ምክንያት ይቀራል። የከፍተኛ ትምህርት መምህራን የማዕረግ እድገት ለማግኘት የታተመ ጽሑፍ ይጠየቃሉ። የጽሑፉ ብዛት ከጥራቱ ይልቅ በሚታይበት ቦታ ሁሉ አቋራጭ ፈላጊ አይጠፋም። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው ብሂል የተነገረው ማሽኑ ከመምጣቱ ብዙ ዘመን በፊት ቢሆንም ለዛሬው ችግር ይስማማል። ተቋማት ከስድስት ችኩል ጽሑፎች ይልቅ ለአንድ በመስክ ለተፈተነ ጥናት ክብር ካልሰጡ፣ ደንቡ በወረቀት ላይ ይቀራል።

ነዋሪውስ ምን ማድረግ ይችላል? ብዙ ጊዜ ከሚታሰበው የበለጠ። መጠይቅ ይዞ ለመጣ ሰው መልስ ከመስጠቱ በፊት መረጃው የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚያየው፣ ውጤቱ መቼ እንደሚነገረው መጠየቅ መብቱ ነው። አዲስ ዝርያ ወይም አዲስ የማዳበሪያ መጠን ሲመከርም የትኛው ማሳ ላይ፣ በየትኛው ዓመት እንደ ተሞከረ ባለሙያውን መጠየቅ ተገቢ ነው። ሞክሮ ያየ ባለሙያ ቦታውንና ዘመኑን ይናገራል። ከተማ ያለው ወላጅም ልጁ ለመመረቂያ የሚጽፈውን ጥናት የት ሄዶ፣ ማንን ጠይቆ እንደሠራው ቢያነጋግረው ከማንኛውም የቁጥጥር ሶፍትዌር ቀድሞ ይደርሳል።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከምርምር ቤት አይወጣም፤ መውጣትም የለበትም። እንግሊዝኛ የሚያስቸግረውን ተመራማሪ ድምፁ እንዲሰማ ይረዳዋል፤ ረጅም ሠንጠረዥ የሚያደክመውን ባለሙያ ጊዜ ይቆጥብለታል። የጆርናሎቹ ደንብ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ በእያንዳንዱ ጽሑፍ ሥር ተጠርቶ አቤት የሚል ሰው እንዲኖር። የዳባት እናት ለመረጃ ሰብሳቢው በሯን የከፈተችው ሰውን አምና ነው። ከእርሷ ቃል ተነሥቶ የሚጻፈው ነገር ከተሳሳተም የምትጠይቀው ሰው ማጣት የለባትም።